በበግ አፍ ያስገባሁት ጣት

ይህን የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው። ምን ያስገርማል እንዳትሉኝ፤ አምና ከፋሲካ በኋላ በነበሩት ቀናት ይህችን እጄን ከኪሴ ማውጣት ተስኖኝ ነበር። ሰላምታ በግራ፣ የሜትሮ ካርድ በግራ፣ ማንኪያም በግራ። ያላወቀ ሰው ከተወለድኩ ጀምሮ ግራኝ የሆንኩ ይመስለው ነበር።

ሰብለ እባላለሁ። ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ዱባይ፣ ዴራ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል የኬክ ክፍል ውስጥ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ምላሴ ፈጣን ነው፤ ንዴቴም ብዙ አያስጠብቅም፤ አብረውኝ የኖሩ ሁሉ ይመሰክራሉ። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። አባቴ የበግ ነጋዴ ነው። ይህችን አጭር ነገር አሁን ምንም ሳይመስለኝ ጻፍኳት እንጂ ያን ጊዜ ቢገርፉኝም ከአፌ አትወጣም ነበር። ትምህርት ቤት ሳለሁ ልጆች «በግ በግ ትሸታለች» እያሉ ከአጠገቤ ይነሱ ነበር፤ ያ ነገር ባሕር ተሻግሮ ተከተለኝ። ሆቴል ውስጥ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «ነጋዴ ነው» እላለሁ። «የምን?» ካሉኝ «የተለያየ» እላለሁ። ውሸት አልነበረም፤ አባቴ ወንዱንም ሴቷንም በግ ይሸጣል።

የምኖረው ሳትዋ በሚባል ሰፈር፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ሱቆች ጀርባ፣ ስምንት ሐበሾች በምንጋራው ቤት ነበር። ቤቱን ተከራይተው ለእኛ ቤድ ስፔስ፣ ማለትም አልጋ አልጋውን ብቻ የሚያከራዩን እትዬ አስካለ ናቸው። ሃምሳን ያለፉ፣ ሲናገሩ ጎረቤት የሚሰማቸው ሴት ናቸው። በቤቱ ውስጥ በር ያለው ክፍል የእሳቸው ብቻ ነው፤ እኛ በመጋረጃ በተከፋፈለ ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። ከእኔ በላይ ያለው አልጋ የራሔል ነው። ራሔል ጠዋት ሄዳ ማታ የምትመለስ ሞግዚት ነች፤ ማዳሟ የስምንት ወር ሕፃን አላት።

ነገሩ የጀመረው በቅዳም ሹር ነው። አራት ሆነን ለፋሲካ በግ ልንገዛ ከሻርጃ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የበግ በረት ሄድን። እትዬ አስካለ መኪናው ውስጥ «ደብረ ብርሃን የተወለደች እያለች እኛ ምን አገባን! መራጯ ሰብለ ናት» ብለው ሾሙኝ። ሹመት ደግሞ አልጠላም።

እዚህ ላይ አባቴ ስለ በግ ያስተማረኝን መንገር አለብኝ። በግ የሚገዛ ሰው ዕድሜውን የሚያውቀው በጥርሱ ነው፤ አፉን ከፍተህ ታያለህ፣ ወገቡን ትዳስሳለህ፣ ላቱን ትመዝናለህ። አባቴ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር ነበረው። «መጀመሪያ በዓይንሽ» ይለኝ ነበር። «ዙሪያውን ዙሪው። አካሄዱን እዪ፣ አፍንጫውን እዪ፣ ከንፈሩን እዪ። እጅሽ የሚመጣው ዓይንሽ ሲጠግብ ነው።» እኔ ግን ያን ዕለት ራሔል በስልኳ እየቀረጸችኝ፣ እትዬ አስካለ «አሳዪያቸው!» እያሉኝ፣ የምን ዓይን! ገብቼ የመጀመሪያውን ሙክት በአንድ እጄ ያዝኩና የቀኝ እጄን ጠቋሚ ጣት በአፉ ጎን ሰድጄ ፈለቀቅሁት።

«ሁለት ጥርስ አውጥቷል» አልኩ ጮክ ብዬ። ሁሉም ተደነቁ። ከዚያ ነው ከንፈሩን ያየሁት። በአፉ ጥግ ላይ እንደ ደረቀ እንጀራ ፍርፋሪ ያለ ቅርፊት ተደርድሯል።

«ይሄ አይሆንም፣ አፉ ቆስሏል» አልኩና ለቀቅሁት። ጣቴን በጂንሴ ጠረግሁ፣ ወደ ሌላው አለፍኩ፣ ሦስተኛውን መረጥን። እዚያ አገር ቤት ውስጥ ማረድ ስለማይፈቀድ በጉን ቄራ ወስደን አሳረድን፤ ፋሲካውም እንደ ፋሲካ አለፈ። በጉን ከመንካቴ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የብርቱካን ልጣጭ ስፈገፍግ ጠቋሚ ጣቴን መፈግፈጊያው ቧጭሮኝ እንደነበር በሐሳቤም አልመጣም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ በዚያች ጭረት ምን እንደገባ ያወቅሁት በኋላ ነው።

በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጭረቷ የነበረችበት ቦታ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ እብጠት አየሁ። ትንኝ ነው ብዬ ተውኳት። እሑድ ሽምብራ አከለች። መሐሏ ነጣ፣ ዙሪያዋ ቀላ፣ ጫፏ እርጥብ አለ። ብዙም አያምም፤ ብብቴ ሥር ግን አንድ ነገር ጠጥሮ ይሰማኛል።

ያ ሳምንት ደግሞ የእኔ ሳምንት ነበር። የኬክ ክፍላችን ኃላፊ ለቆ ስለሄደ ዋና ሼፋችን ሦስት ሰው ለቦታው አጭተው ነበር፤ አንዷ እኔ ነኝ። ፈተናው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው። ሼፍ ሊባኖሳዊ ናቸው፣ ቃል አያባክኑም። «ሦስታችሁም ኤክሌር ትሠራላችሁ» አሉ፤ ምድጃ ውስጥ ተነፍቶ ውስጡ ባዶ የሚሆን፣ በክሬም የሚሞላ ረዘም ያለ ኬክ ነው። «የኤክሌር ሊጥ ሰው አያታልልም። ያላ፣ ወደ ሥራ።» ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ቀን ነው። በዚያ ሆቴል ወጥ ቤት ከእኛ አገር ሰው ኃላፊ ሆኖ አያውቅም ነበር።

በወጥ ቤት ሕግ እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ምግብ ሳይነካ መናገር አለበት። ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ እኔ ራሴ ለስንት አዲስ ሠራተኛ አስተምሬዋለሁ። እንግዲህ ያቺ አስተማሪ እሑድና ሰኞ ጣቷን በፕላስተር ጠቅልላ፣ በላዩ ጓንት ደርባ፣ ጥርሷን ነክሳ ሠራች። ስለራሴ ነው የምናገረው፤ ላሳምረው አልፈልግም።

ለምን ደበቅሁ? ስልኬን ስለከፈትኩ ነው። ሜትሮ ውስጥ ቆሜ «የጣት ቁስል መሐሉ ነጭ» ብዬ ስፈልግ የመጣልኝ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ፎቶ ነበር። የሰው ሁሉ ወሬ ያ በሽታ በሆነበት ጊዜ ነው። አንዱ ሥዕል ቁርጥ የእኔን ጣት ይመስላል። ብናገር ከፈተናው እወጣለሁ፤ እውነት እሱ ከሆነ ደግሞ ሥራውም ቪዛውም ኸላስ፣ ሻንጣዬን ይዤ ደብረ ብርሃን ነኝ አልኩ። ማንም እንዲህ አላለኝም፤ ፍርሃቴ ነው ፈርዶ የጨረሰው። «ሐሙስን ልለፍ ብቻ» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ።

ሰኞ ማታ ቤት ሳህን ሳጥብ ፕላስተሩ በውሃ ረጥቦ ተላቀቀ። ራሔል ከጎኔ ቆማ ብርጭቆ እያደረቀች ነበር።

«ሰብልዬ! ጣትሽ ምን ሆነ?»

«ምድጃ ነው፣ አቃጠለኝ።»

«ቃጠሎ እንዲህ አይመስልም። እስቲ አሳዪኝ።»

«ራሔል፣ ተዪኝ ብያለሁ!»

ፎጣውን አስቀምጣ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደች። ያች የቅርብ ጓደኛዬ ስትሸሸኝ ሳይ፣ ትምህርት ቤት ከአጠገቤ የሚነሱት ልጆች ትዝ አሉኝና ደሜ ፈላ።

እትዬ አስካለ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። ሌሎቹም ተሰበሰቡ። ጣቴ የቤቱ ጉዳይ ሆነች።

«ስንት ቀንሽ ነው?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«ሦስት።»

«ሦስት ቀን ሙሉ በዚህ ጣት የቤቱን ዕቃ ስትነኪ ከረምሽ?»

አንዷ በመርፌ ፈንድቶ ነጭ ሽንኩርት ይደረግበት አለች። ሌላዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ እንግዲህ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ልብሴን እየወረወርኩ መክተት ጀመርኩ። «ውጪ ከማለታችሁ በፊት እኔው እወጣለሁ! ሙሽኪላ፣ ችግር ሆንኩባችሁ አይደል?»

ራሔል ማልቀስ ጀመረች። «ማን ውጪ አለሽ? ሐኪም ቤት ሂጂ ነው ያልኩት!»

«ሐሙስስ? ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ነገርስ?»

«ሕፃኑስ?» አለችኝ። «በየቀኑ የማቅፈው እኔ ነኝ። አንቺ ከእኔ ጋር አንድ ፎጣ ትጋሪያለሽ። ዋላሂ፣ እሱ አንድ ነገር ቢሆን እኔ ምን እሆናለሁ?»

ያን ሕፃን በአካል አላየሁትም፤ በራሔል ስልክ ግን በየቀኑ አየዋለሁ። ሁለት የታች ጥርስ አውጥቶ ነበር። ሻንጣው ላይ ቁጭ አልኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ ራሴ ብቻ ሳስብ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ፤ አፈርኩም።

«ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አልኩ። «እውነት እሱ ከሆነም አልደብቅም።»

እትዬ አስካለ አየት አደረጉኝና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሲወጡ የራሳቸውን ትራስና ብርድ ልብስ ይዘዋል።

«ነይ፣ እኔ ክፍል ግቢ። በር አለው። እኔ ባንቺ አልጋ እተኛለሁ፤ አንሶላውን ብቻ ራስሽ ገፍፈሽ በሙቅ ውሃ እጠቢው።»

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ አሁን…»

«ያናደደኝ መታመምሽ አይደለም፤ መደበቅሽ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሂጂ ግቢ!»

ማክሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ስደርስ ገና በር ላይ ለተቀባይዋ «ጣቴ ላይ ቁስል ወጥቷል፣ የሚተላለፍ እንዳይሆን ፈርቻለሁ፣ ሰው መሐል አታስቀምጪኝ» አልኳት። ይህን ብዬ ስጨርስ ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ። ወዲያው ጭምብል ሰጥተው ለብቻዬ አንድ ክፍል አስገቡኝ።

የመጣችው ሐኪም ሱዳናዊት ናት፤ እኔን የምታህል፣ ረጋ ያለች። ጓንት አጥልቃ፣ ጭምብል አድርጋ፣ ጣቴን በመብራት አየችው።

«ሰውነትሽ ላይ ሌላ ቦታ አለ?»

«የለም።»

«ትኩሳት?»

«የለም።»

«ጉዞ? ተመሳሳይ ቁስል ካለበት ሰው ጋር ንክኪ?»

«የለም፣ የለም።»

«እንስሳ ነክተሻል? ላም፣ ፍየል፣ በግ፣ ግመል?»

እንግዲህ ታዘቡኝ። ያ ሁሉ እውነተኛነቴ እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ጠፋ። አንገቴን ቀና አድርጌ «ዶክተር፣ እኔ የኬክ ባለሙያ ነኝ። በግ ከየት ይመጣል?» አልኳት። ለሃያ ዓመት ስለው የኖርኩት መልስ ነው፤ ጥያቄው ሳያልቅ ከአፌ ይወጣል።

ሐኪሟ ጻፈች። ከቁስሉ ላይ በጥጥ ናሙና ወሰደች። «ውጤቱ ሐሙስ ጠዋት ይደርሳል። እስከዚያ ከሰው ትለያለሽ። ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቅም ግዴታዬ ነው። አትፍሪ፣ የሚደረገውን አብረን እናደርጋለን» አለችኝና ወጣች። በሩ ሲዘጋ ብቻዬን ቀረሁ። እንባዬ ጭምብሉን አራሰው።

ያኔ ስልኬ ጠራ። አባቴ ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ በምስል ይደውላል። ላለማንሳት አሰብኩ፤ ግን ማን አለኝና።

«ሰብልዬ! ምነው አፍሽን አስረሽዋል?»

«ምንም አይደለም አባዬ። ጣቴን ትንሽ አመመኝና ሐኪም ቤት መጥቼ ነው።»

«የቷ ጣት? አሳዪኝ እስቲ።»

ፕላስተሩን ገለጥ አድርጌ ወደ ስልኩ አስጠጋሁ። አባቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዓይኑን አጠበበ። ከዚያ፣ ታምኑኛላችሁ? ሳቀ።

«ይቺን እኮ አውቃታለሁ! በግ አፍ ውስጥ እጅሽን ከተትሽ እንዴ?»

ፕላስተሩን መልሼ ለጠፍኩ።

«አፉ የቆሰለ በግ ነክተሻል፣ ልጄ። እኔን ስንቴ ወጥታብኛለች! ጎረቤታችንን ደግሞ ባለፈው ክረምት አውራ ጣቱ ላይ። አትፈንጂያት፣ አትቁረጫት፣ ጊዜዋን ጠብቃ ደርቃ ትወድቃለች። ቆይ፣ ሳታዪ ነው የነካሽው?»

«ለታይታ ቸኩዬ ነው አባዬ።»

«መጀመሪያ በዓይንሽ አላልኩሽም?»

ሳቅና ለቅሶ ባንድ ላይ መጣብኝ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው፤ በግ ሲሸጥ ያሳደገኝ አባት እያለኝ የበግ ቁስል አላወቅሁም። ያላወቅሁት ደግሞ ማወቅ ስላልፈለግሁ ነው፤ ያንን የልጅነቴን ነገር ሁሉ ዘግቼበት ነበር። ተነሥቼ ደወሉን ተጫንኩ።

«ዶክተር፣ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት ስትመጣ። «የዛሬ አሥር ቀን በግ ነክቻለሁ። አፉ ጥግ ቅርፊት ነበረው። ጣቴ ጭረት ነበረባት። አባቴ የበግ ነጋዴ ነው፤ አሁን በስልክ አይቶ የበግ አፍ ቁስል ነው ይላል።»

የአባቴን ሥራ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለባዕድ ሰው የተናገርኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ለምን መጀመሪያ አልነገርሽኝም?» አለች።

«አፍሬ ነው።»

«በበግ?» አለችና በዓይኗ ፈገግ አለች። «የእኔ አያት እኮ መቶ በግ ነበራቸው።»

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። የበጉ ነገር ኦርፍ ይባላል። ከዝንጀሮ ፈንጣጣ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፣ ቁስላቸውም ስለሚመሳሰል ሐኪምም ሊሳሳት ይችላል። ኦርፍ ግን ከበግና ከፍየል ወደ ሰው እንጂ ከሰው ወደ ሰው ብዙም አይሄድም፤ ጤነኛ ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይድናል። ሰውነቱ የተዳከመ ሰውን ግን ክፉኛ ሊይዝ ስለሚችል መሸፈን አለበት፤ ፎጣ መጋራትም፣ ባዶ እጅ ምግብ መንካትም የለም። ባለማወቅ የሚያፈነዳውና የሚቆርጠው ሰው ነው የሚጎዳው።

«እኔም ከአባትሽ ጋር እስማማለሁ» አለችኝ። «ግን ናሙናው እስኪመጣ ድረስ ሐሳብ ብቻ ነው። እስከ ሐሙስ በሩን ዝጊ።»

ከእትዬ አስካለ ክፍል ሆኜ ለሼፍ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እሑድና ሰኞ ደብቄ መሥራቴንም ጭምር።

«ሁለት ቀን?» አሉ። «ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ማን ለጠፈው?»

«እኔ።»

«ይህን አልረሳውም። የነካሻቸው ዕቃዎች ሁሉ በድጋሚ ይታጠባሉ። ሐሙስም ያለ ሐኪም ወረቀት በሩን አታልፊም። በወረቀትም ቢሆን ሊጥ አትነኪም። ፈተናው ግን አይራዘምም፤ ሌሎቹ ሁለቱ ዝግጁ ናቸው።»

ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «በሌላ ሰው እጅ ልፈተን» አልኩ። «እኔ ልናገር፣ ሌላ ሰው ይሥራ። ዱቄት ሳልነካ።»

«በማን እጅ?»

«በጆይ።»

ጆይ ፊሊፒናዊት ናት፣ ትሪና መቅረጫ የምታጥብ ረዳታችን። የኤክሌር ሊጥ ነክታ አታውቅም። ሼፍ «ሞኝ ነሽ» ብለው ስልኩን ዘጉ። እምቢ ግን አላሉም።

ሁለቱን ቀን በዚያ በተዘጋ በር ውስጥ አሳለፍኩ። ራሔል ምግቤን በር ላይ አስቀምጣ ታንኳኳና ፈቀቅ ትላለች። «በላሽ?» ትለኛለች ከውጭ። «በላሁ።» «ሁሉንም?» «ሁሉንም፣ ሞግዚቴ።» እሷም ለማዳሟ እውነቱን ነግራ ሁለት ቀን ቤት ቀርታ ነበር፤ ማዳሟ አልተቆጣችም፣ እንዲያውም አመሰገነቻት። እትዬ አስካለ ደግሞ ከአልጋዬ ላይ ሆነው «ይሄ ፍራሽ እኮ ድንጋይ ነው! እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም?» ሲሉ እሰማለሁ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። ሐኪሟ ናት።

«የዝንጀሮ ፈንጣጣ አይደለም። ኦርፍ ነው። ለአባትሽ ልክ ነበሩ በይልኝ።»

እልልታውን ያቀለጥኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ በሩን ስከፍት ራሔል ዘላ ልታቅፈኝ መጣችና መሐል ላይ ቆመች፤ ጣቴ ትዝ ብሏት ነው። በክርን ሰላም ተባባልን። ቁስሌ እንደተሸፈነ፣ ምግብ እስካልነካሁ ድረስ ወጥ ቤት መግባት እንደምችል የሚገልጸውን ወረቀት ከሐኪም ቤት ተቀብዬ ወደ ዴራ በረርኩ።

ሌሎቹ ሁለት ተፈታኞች እጃቸውን አጥበው ቆመዋል። እኔ እጄን አጥቤ፣ ጣቴን ሸፍኜ፣ በላዩ ጓንት አጥልቄ፣ ሁለቱንም እጆቼን ወደ ኋላዬ አጣምሬ ቆምኩ። ጆይ ከፊቴ ናት።

«እኔ ላበላሽብሽ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አንቺ እጄ ነሽ፤ ዓይኑ እኔ ጋ ነው። አትፍሪ።»

ውሃ፣ ቅቤ፣ ጨው። «እስኪፍለቀለቅ ጠብቂ… አሁን ዱቄቱን ባንዴ። አማስዪ፣ አትቁሚ።» ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሁሉ በክንዴ ነው የማውቀው፤ ሊጡ ሲከብድ ይሰማኛል። ያን ዕለት ክንድ የለኝም። ስለዚህ አየሁ። ሊጡ ከድስቱ ጎን ሲለቅ አየሁ፣ ታች ላይ ስስ ቆዳ ሲሠራ አየሁ፣ እንፋሎቱ ሲቀንስ አየሁ። ስድስት ዓመት ስሠራው እንዲህ አይቼው አላውቅም ነበር።

«አውርጂው፤ ይቀዝቅዝ። አሁን እንቁላል፣ አንድ በአንድ።»

ሦስተኛው እንቁላል ላይ ጆይ አራተኛውን ልትጨምር እጇን አነሣች። ሼፍ ጎንበስ ብለው እያዩ ነው።

«ቆይ!» አልኳት። «ማንኪያውን አንሺ።»

ሊጡ ከማንኪያው ላይ ተንጠለጠለ፣ ሾጠጠ፣ ሊወድቅ አለና ቆመ።

«ግማሽ እንቁላል ብቻ። መትተሽ ጨምሪ።»

ጆይ ጨመረች። ድጋሚ አነሣች። ልክ መጣ። ከዚያ መጭመቁ፣ ምድጃው፣ መጠበቁ። ከተፈታኞቹ አንዱ ቸኩሎ ምድጃውን ከፈተና ኤክሌሩ ሁሉ ሟሸሸበት። የጆይ ኤክሌር ትንሽ ተንጋዷል፤ ሲቆረጥ ግን ውስጡ ባዶና ደረቅ፣ መሆን እንዳለበት ነው። ሼፍ አንዱን ሰብረው ቀመሱ። ሌላም ቀመሱ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

«ይህች ልጅ ኤክሌር ሠርታ ታውቃለች?» አሉ ወደ ጆይ እያመለከቱ።

«ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።»

«እጅ ያለው ብዙ ሠራተኛ አለኝ» አሉ። «የሚያይ ሰው ነው ያጣሁት። እንዲህ ማየት የት ተማርሽ?»

ሃያ ሰው ይሰማል። የድሮዋ ሰብለ ብትሆን የሆነ ትልቅ የሙያ ትምህርት ቤት ስም ትፈልግ ነበር።

«ከአባቴ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «አባቴ የበግ ነጋዴ ነው።»

ማንም ከአጠገቤ አልተነሣም። ጆይ ማጨብጨብ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተከተሏት፣ ሼፍ ሰዓታቸውን አይተው «ያላ፣ እራት አለ፣ ወደ ሥራ!» አሉ። ከበሩ ሳይወጡ ግን ዞረው «ጣትሽ ሲድን ቢሮ ነይ፤ ውሉን የምትፈርሚው በዚያው እጅሽ ነው» አሉኝ። ያን ዕለት ከዴራ እስከ ሳትዋ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም፤ መንገዱ ራሱ የተሸከመኝ ይመስለኛል።

ቁስሏ ከአምስት ሳምንት በኋላ ደርቃ ወደቀች። ጠባሳ እንኳ አልተወችም። እሷ ያስተማረችኝ ግን አልወደቀም።

አንባቢዎቼ፣ በተለይ እንደ እኔ አንድ ቤት ለስምንት የምትካፈሉ፣ የሰው ልጅ የምታቅፉ፣ ለሰው ምግብ የምትሠሩ፦ ጣታችሁ ላይ ያልተለመደ ነገር ካያችሁ ስልካችሁን ሳይሆን ሐኪም ጠይቁ። በመርፌ አትንኩት። ሐኪሙ «እንስሳ ነክተሃል?» ሲል ደግሞ ከየት እንደመጣችሁ አትደብቁ፤ ያ ጥያቄ እናንተን ለማዋረድ የሚጠየቅ አይደለም። የእኔ እንኳ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ቢሆን ኖሮ የሚያድነኝም ጎረቤቴን የሚያድነውም ያው መናገሬ ነበር። ፈተናውን ባልፍም፣ ከዚያ ሁሉ የሚያኮራኝ ማክሰኞ ጠዋት ለተቀባይዋ የተናገርኩት ነው።

ዘንድሮም ለፋሲካ እትዬ አስካለ መራጭ አድርገው ሾሙኝ። ጓንት ይዤ፣ በረቱን ሁለት ጊዜ ዞሬ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ መረጥኩ። ራሔል «ዘንድሮ አፉን አትከፍቺም እንዴ?» ብላ አሾፈችብኝ። ለአባቴ የበጉን ፎቶ ስልክለት «ጥርሱስ?» ብሎ መለሰልኝ።

ወጥ ቤቴ ውስጥ ደግሞ፣ አሁን ወጥ ቤቴ ነው የምለው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አንሥቼ በእጄ ሌላ ጽፌ ለጥፌያለሁ፤ ቁስሉን ያሳየኝ ሰው ሥራውን አያጣም የሚል ነው። ባለፈው ሳምንት ጆይ ሥራ ሳትጀምር መጥታ መዳፏን ዘረጋችልኝ። ካራሜል አቃጥሏት ነበር።

«ሼፍ፣ ይሄን እዪልኝ» አለችኝ።

መብራቱን አስጠጋሁና መጀመሪያ በዓይኔ አየሁላት።